የሰረዝኳቸው ባዶ ዓመታት

መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ የአንዲት ሴት የስድስት ዓመት ሥራ የተበላሸው በኔ እጅ ነው። ተንኮል አልነበረኝም። ችኮላ ነበረኝ፤ ከችኮላው በኋላ ደግሞ ዝምታ። ችኮላው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን አልጽፍም ነበር።

ሴትዮዋ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ታስተምረን የነበረችው ናት። ቶየን በሚባለው ሰፈራችን፣ ከአደባባዩ ጀርባ ባለ አንድ አዳራሽ፣ እዚህ ኖርዌይ የተወለድነውን የሐበሻ ልጆች ሰብስባ ፊደል ታስቆጥረን ነበር። ከክፍሉ ሁሉ አስቸጋሪዋ እኔ ነበርኩ፤ አንድ ወንበር ላይ አሥር ደቂቃ መቀመጥ ያመኛል። ይሄን የምጽፍበትን ፊደል ግን ያስያዘችኝ እሷ ናት። አባቷ ጎጃም ውስጥ የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው፤ ፋሲካውና ጾሙ በየዓመቱ መቼ እንደሚውል በፀሐይና በጨረቃ ቆጥረው የሚያወጡ ሰው። ይሄን ከሰማን ወዲህ «የኔታ» እያልን እንቀልድባት ጀመር።

«የኔታ አባቴ ናቸው፤ እኔ ገና ተማሪ ነኝ» ትለናለች።

ተማሪነቷ እውነት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ዶክትሬቷን ትሠራ ነበር፤ የምታጠናው ደግሞ የመካከለኛው ዘመን የዌልስ ዜና መዋዕሎችን ነው። ዌልስ የት እንዳለች እኔም እናቴም አናውቅም። «እንግሊዝ ጎን ናት፤ ተራራና ዝናብ» አለችን አንድ ቀን እኛ ቤት ምሳ እየበላች።

እናቴ አልተዋጠላትም። «የኛ ገዳማት ስንት ያልተነበበ ብራና ቆልፈው ተቀምጠው፣ አንቺ የሰው አገር መነኩሴ ምን ያደርግልሻል?»

«እትዬ፣ እነዚህም እንደ አባቴ ቆጣሪዎች ናቸው እኮ። ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነበራቸው፤ ለየዓመቱ አንድ መስመር። ከመስመሩ ጎን ትንሽ ባዶ ቦታ ትተርፋለች። እዚያች ላይ ንጉሥ ሞተ፣ ከብት አለቀ እያሉ መጫር ጀመሩ። ታሪካቸው የተወለደው ባሕረ ሐሳብ ጠርዝ ላይ ነው።»

«እንዲህ ከሆነማ ዘመዶቻችን ናቸው» አለች እናቴ፣ ወጥ እየጨመረችላት።

እጇ የተሰበረው በየካቲት ነው። የምትኖረው ሆልምሊያ ነበር፤ ከብሎኩ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወርደው መንገድ በበረዶ መስታወት ሆኖ አድሯል። ጫማ ሥር የሚታሰረውን የብረት ጥፍር ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነው የወደቀችው፤ ለሦስት ደቂቃ መንገድ ማን ያስራል ብላ። የቀኝ እጇ አንጓ። ድንገተኛ ሕክምና ሄዳ እስከ ክርኗ ጄሶ ተደርጎላት ተመለሰች። የዶክትሬት ጽሑፏን የምታስረክብበት ቀን ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ያላት የሥራ ውል ከዚያ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ የመኖሪያ ፈቃዷ ደግሞ የታሰረው ከውሉ ጋር ነው።

እኔ ያኔ ሥራዬ ተጠራሁ አልተጠራሁ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን በመከራ ጨርሼ ባርነሃገ፣ የሕፃናት መዋያ፣ ውስጥ ቪካር ነበርኩ፤ ከሕፃናቱ ጋር የምትውለው ሠራተኛ ስትታመም ጠዋት ይደውሉልኛል፣ ማንም ካልታመመ እተኛለሁ። እናቴ ይሄን መተኛቴን አትወደውም።

«ይቺን ቀዥቃዣ ውሰጂያት» አለቻት። «እጇ ፈጣን ነው። ስልኳ ላይ ስትጽፍ አይቻታለሁ፣ እንደ ዶሮ ነው የምትለቅመው።»

«ትቀመጥልኛለች?»

«ታስሪያታለሽ።»

እንዲህ ሆኖ ከቶየን ሆልምሊያ መመላለስ ጀመርኩ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ በእጅ የተጻፈባቸው ካርዶች የሞሉት አምስት የጫማ ካርቶን። እሷ ጄሶዋን ትራስ ላይ አስደግፋ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ምዕራፉ በእንግሊዝኛ፣ ክርክራችን በአማርኛ፣ ስድቤ በአገሩ ቋንቋ፣ በኖርሽክ።

ከባዱ ሥራ ሠንጠረዡ ነበር። የምትሠራበት ዜና መዋዕል ላይ ዓመቶቹ ቁጥር የላቸውም። መነኩሴው «ዓመት» ብሎ ይጽፋል፤ የሚነገር ነገር ካለ ከጎኑ አንድ መስመር ያክልበታል፣ ከሌለ ባዶውን ትቶት ሌላ «ዓመት» ይጽፋል። አንድ ጦርነት መቼ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው ከላይ ጀምሮ ባዶውንም ሙሉውንም አንድ ባንድ መቁጠር አለበት። ይሄን ሳልረዳ በፊት ካርዶቹን እያገላበጥኩ ጠየቅኳት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዓመት።»

«የምን ዓመት?»

«ምንም ያልተጻፈበት ዓመት።»

«ታዲያ ምኑን ልጻፍ?»

«ዓመት ብለሽ ጻፊና ቀጥይ።»

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ «ዓመት» ስጽፍ ዋልኩ። «አይ፣ የኔታ፣ ይሄ ታሪክ አይደለም። ሰው የሌለበት ቤት በር ማንኳኳት ነው» አልኳት።

«ሰው የለም ማለት ነው ወይስ አልከፈቱልሽም?» አለችኝ። ሌላ «ዓመት» ጻፍኩ። እሷ እንዲህ ስታደርገኝ ደስ ይላታል።

አንድ ቀን ደግሞ ጥቁር አሕዛብ መጥተው አንድ ገዳም ዘረፉ የሚል አስጻፈችኝ።

«እንዴ፣ እኛ እዚያ ምን እናደርጋለን?»

«እኛ አይደለንም፤ እነዚህ ናቸው» ብላ በግራ እጇ በመስኮቱ ወደ ውጭ አሳየችኝ። አንድ ሽማግሌ ኖርዌጂያዊ ቀይ ኮፍያ አድርገው ውሻቸውን ያንሸራሽራሉ። «የነሱ ቅድመ አያቶች በመርከብ እየሄዱ ነው የሚዘርፏቸው። እንግዲህ መነኮሳቱ ያወጡላቸው ስም ነው።» እስኪያመኝ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ባለፉ ቁጥር «አሕዛቡ መጡ፣ ብራናውን ደብቂ» እንባባል ነበር።

መጠራጠር ያስተማረችኝ እሷ ናት። ለኔ የተጻፈ ነገር ወይ እውነት ነው ወይ ውሸት። «መነኩሴውን ማን ነበር የሚያበላው ብለሽ ጠይቂ» ትለኛለች። ገዳሙን የሚረዳው መስፍን ሲሞት ረጅም ለቅሶ ይጻፍለታል፤ ጠላቱ ሲሞት «ሞተ» ብቻ ነው። ከዜና መዋዕሎቹ አንዳንዶቹ በላቲን ተርፈዋል፤ የሌሎቹ ላቲን ጠፍቶ የቀረው ወደ ዌልስ ቋንቋ የተመለሰው ነው፤ መላሹም ደረቁን መስመር ሳይወደው ቀርቶ አበባ አልብሶታል።

«ስለዚህ ውሸታሞች ናቸው።»

«አይደሉም። አንቺ ስላለፈው ሳምንት ስትነግሪኝ ሁሉን ትነግሪኛለሽ?»

«ይሄ ሁሉ ሞት ነው ደግሞ። አይወልዱም እንዴ?»

«ይወልዳሉ። ወላጆቹን የሚጽፍ ጠፍቶ ነው።»

የሷ ግኝት ቀላል ነበር፤ ለዚህ ነው እስካሁን የማስታውሰው። ከሚነጻጸሩት ቅጂዎች አንዱ ከሆነ ቦታ ጀምሮ ዓመቶቹን ያዛባል፤ ስለዚህ ሰዎች ከዚያ ወዲያ አይታመንም ብለው ትተውታል። እሷ ግን ቆጥራ ደረሰችበት። የገለበጠው ሰው ጥቂት ዓመታትን ዘሏል፤ ባዶ ስለሆኑ። ወሬው ልክ ነው፣ የተሳሳተው ቦታው ነው። ባዶዎቹን ብትመልሺለት ሁሉም ቦታ ቦታው ይገባል። የሥነ ፈለክ ሰዎች ቀኑን በስሌት የሚያውቁት አንድ የፀሐይ ግርዶሽ ሳይቀር ልክ በዓመቱ ይውላል። ይሄን ስታስረዳኝ አባቷ እንደሚያደርጉት በጣቷ አንጓ ላይ ትቆጥራለች፤ ቀኙ ታስሮባት በግራዋ ብቻ። ስድስት ዓመት የቆጠረችው ይሄን ነው።

ሠንጠረዡ ተጽፎ ሲያልቅ አባሪ ሆኖ ከጽሑፉ መጨረሻ ገባ። አየሁት፤ ገጽ በገጽ ዓመት፣ ዓመት፣ ዓመት። አስጠላኝ። ባርነሃገ ውስጥ የልጆቹን ስም ዝርዝር ስናዘጋጅ ባዶ ረድፍ አናስቀምጥም፤ ባዶውን መርጠሽ ባንድ ጊዜ ታጠፊዋለሽ፣ ወረቀቱ ያጥራል፣ አለቃዋ ታመሰግንሻለች። አንድ ረቡዕ እሷ እጇን ልትታይ ሐኪም ጋ ሄዳ ሳለች ያንኑ አደረግኩ። የረድፎቹን ቁጥር ኮምፒዩተሩ ራሱ ከላይ እስከ ታች አስተካከለው። እንዴት እንዳማረኝ። ስትመለስ «አባሪውን አሳመርኩልሽ» አልኳት። በማስታገሻው ፈዛ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ጋደም አለች። አላየችውም።

ጥቂት ባዶ በዘለለ መነኩሴ ስንስቅ ከርመን፣ እኔ ሁሉንም ዘለልኩ። ያኔ አልታየኝም ብል ሰው አያምነኝ ይሆናል። ግን አልታየኝም። ለኔ እነዚያ መነኮሳት የድሮ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ደግሞ ፋይል እያጸዳሁ ነው።

የታየኝ ዓርብ ነው። ጽሑፉ የሚገባው ሰኞ ቀትር ላይ ነበር። እኔ ዓርብ በአሥር ሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ሂተ፣ ጫካ ውስጥ ያለች የእንጨት ቤት፣ ለመሄድ ተቀጣጥሬያለሁ፤ መኪናው የሚነሳው ከቶየን ነው። ጃኬቴን ሳላወልቅ ነበር የምጽፈው። የመጨረሻ የግርጌ ማስታወሻ አስጻፈችኝ፤ ግርዶሹ በዚህ ቁጥር ረድፍ ላይ ይገኛል የሚል። «ቁጥሩን ከአባሪው ጋር አመሳክሪው» ብላኝ ሻይ ልታፈላ ወጣች።

አመሳከርኩ። እሷ ባለችው ቁጥር ላይ ያለው ግርዶሹ አይደለም፣ የአንድ ጳጳስ ሞት ነው። ግርዶሹን ብዙ ሽቅብ ሄጄ አገኘሁት። ቁጥሩን ይዘውት የነበሩት ያጠፋኋቸው ባዶዎች ናቸው። ከግርዶሹ በላይ አንድ ባዶ ረድፍ አስገባሁ፤ ከሥሩ ያሉት ሁሉ ባንድ ቁጥር ዝቅ አሉ። ስንት ባዶ ነበር ያጠፋሁት? የት የት ነበሩ? አምስቱን ካርቶን አየሁ። በትንሹ ሦስት ሰዓት ይፈጃል ብዬ ገመትኩ። ስልኬን አየሁ፤ ዘጠኝ ተኩል አልፏል።

«አገኘሽው?» አለችኝ ከማድ ቤት።

ያስገባኋትን አንድ ረድፍ መልሼ አጠፋኋት።

«አዎ፣ አገኘሁት።»

ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ። በሩ ድረስ ሸኘችኝ፤ ጥፍሩን ጫማሽ ላይ እሰሪ፣ ገና ያንሸራትታል አለችኝ።

ሂተው ጋ ስልክ ይሠራ ነበር። አይሠራም ማለት እችል ነበር፣ ግን ይሠራ ነበር። ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ስሟን ከፍቼ ዘጋሁት። ጓደኞቼ ካርታ ሲጫወቱ እኔ ለራሴ እሟገታለሁ፤ አባሪ ማን ያነባል? እኔ አላነብም። እነዚያ ፕሮፌሰሮችም ሰዎች ናቸው፣ የመጨረሻውን ገጽ እያዩ ይዘጉታል። እሑድ ስንመለስ ነገ ጠዋት እነግራታለሁ አልኩ። ሰኞ ጠዋት ባርነሃገው ጠራኝ፣ ሄድኩ። እኩለ ቀን ላይ ልጆቹን እያለበስኩ መልእክት መጣ፤ በግራ እጇ የለቀመችው ነው፣ አንድ ቃል። «አበቃ።» የልብ ምልክት ላክኩላት።

ገምጋሚዎቹ መልሳቸውን የላኩት በመስከረም ነው። የዚያን እሑድ እኛ ቤት መጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነገረችን። ጽሑፉ በዚህ ሁኔታው ገምጋሚዎቹ ፊት ቆማ ልትከላከልለት አይበቃም። የክርክሩ መሠረት ቆጠራ ሆኖ ሳለ የራሷ አባሪ ቆጠራውን ያፈርሰዋል፤ ባዶ ዓመታት ተዘለሉ ብላ ሌላውን የምትወቅሰው ተመራማሪ አንድም ባዶ ዓመት አላስቀመጠችም። ቢያንስ ስድስት ወር ቆይታ አንድ ጊዜ አሻሽላ ማስገባት ትችላለች። ስድስት ወር ደግሞ እዚህ የላትም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የያዘችው የማስተማር ቦታ እየጠበቃት ነው፤ ካልሄደች እሱም ይሄዳል።

«እንዴት ሊሆን ይችላል? አንቺ እኮ ጨው ስትጨምሪ እንኳ የምትቆጥሪ ሰው ነሽ» አለች እናቴ።

«ሳላየው ላክሁት፣ እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እኔ ከፊት ለፊቷ ነበርኩ፤ ስልኬን ይዤ። አፌን ከፍቼ እንደሆነ አላስታውስም። የማስታውሰው ነገር ቢኖር እሷ አንዴ ቀና ብላ አየችኝና እናቴን ደግሞ ስለ ሻንጣ ኪሎ ጠየቀቻት። ያ ሁለተኛው ዕድሌ ነበር፤ ሂተውን ከቆጠርን ሦስተኛው። ለሰው አፏን የማትይዝ እየተባልኩ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ለአስተማሪ፣ ለአለቃ፣ ለእናቴ ጓደኞች፣ ያሰብኩትን ፊት ለፊት እናገራለሁ። የሰውን ጥፋት መናገር ድፍረት መስሎኝ ነበር የኖርኩት።

ልትሄድ አራት ቀን ሲቀራት ዕቃ ላግዛት ብዬ ሆልምሊያ ሄድኩ። በባቡሩ ውስጥ የምለውን በልቤ ስደጋግም ነበር፤ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። ድስት በጋዜጣ እየጠቀለለች ነው።

«ባዶዎቹን የሰረዝኳቸው እኔ ነኝ» አልኳት።

እጇ አልቆመም። «አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መልሱ በመጣ ማግስት። ፋይሉ የተነካበትን ሁሉ ይመዘግባል፤ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን አደረገ። እኔ እንደዚህ ያለ ዜና መዋዕል አግኝቼ አላውቅም፣ ለማንም አያዳላም።» ድስቱን ካርቶን ውስጥ አስገባችና ቀና አለች። «የረቡዕሽ አላዋቂነት ነው። ከስንት ገልባጭ የባሰ አይደለም። ዓርብ ግን አንድ ረድፍ ታስገቢያለሽ፣ ከአራት ደቂቃ በኋላ መልሰሽ ታጠፊዋለሽ። እሱን ደጋግሜ አየሁት። ሌላ ምክንያት ፈለግኩለት፣ አጣሁ።»

«ሦስት ሰዓት የሚፈጅ መሰለኝ።»

ላፕቶፑን ከሻንጣው ላይ አንስታ ከፈተችው። ቀኝ እጇ ድኗል፣ ግን ገና ደረቅ ነው። የፋይሉን የድሮ መልኮች ዝርዝር አወጣችና ከዚያ ረቡዕ በፊት የነበረውን፣ የማክሰኞውን መረጠች። አንድ ቁልፍ ተጫነች። ባዶዎቹ ሁሉ ተመለሱ፤ ዓመት፣ ዓመት፣ ዓመት፣ እስከ ታች። ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ ነው የወሰደው።

«ማድ ቤት ነበርኩ እኮ» አለችኝ። «ስድስት እርምጃ ነው።»

«ሂተ ልሄድ ነበር።»

«ጥሩ ነበር?»

«ዘነበ።»

«ይሁን።»

ለምን ለገምጋሚዎቹ እንዳልነገረቻቸው ጠየቅኳት። «ምን ልበላቸው? ጸሐፊዬ ናት ልበል? ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የኔ ነው። ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም።»

«እኔ እጽፍላቸዋለሁ። የሆነውን ሁሉ።»

«እንዳትጽፊ። አንቺ እንዲቀልልሽ ብለሽ እኔን ለማኝ አታድርጊኝ።»

ከዚያ በኋላ ካርቶኖቹን ፕላስተር ስንለጥፍ ሁለት ሰዓት አብረን ቆየን፤ ያወራነው ስለ ፕላስተሩ ነው። አየር ማረፊያ ልሸኝሽ ስላት እትዬ ይሸኙኛል አለችኝ። እናቴ ሸኝታት ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ መጥታ ከፊቴ ቆመች።

«ስላንቺ ሳነሳባት ጎበዝ ናት፣ ፊደል አትረሳም አለችኝ። ሌላ ምንም። ምን አድርገሻት ነው?»

ነገርኳት። ሁሉንም ሰማችኝ። «እኔ ነኝ ውሰጂያት ያልኳት» ብላ መኝታ ቤቷ ገባች። ያን ቀን ራት ለየብቻ በላን።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ለገምጋሚዎቹ ጻፍኩ። በኖርሽክ፣ ሁለት ገጽ፤ ረቡዕን፣ ዓርብን፣ ሂተውን፣ ያስገባኋትንና ያጠፋኋትን ረድፍ ጨምሬ። በሕይወቴ እንደዚያ ተቀምጬ ጽፌ አላውቅም። እንዳትጽፊ እንዳለችኝ እያወቅኩ ነው የላክሁት። ለሷ ብዬ ነው አልኩ። ይሄን ስጽፍ ግን ለማን እንደሆነ ከዚያን ጊዜው ይልቅ አውቀዋለሁ።

መልሳቸው አጭርና ጨዋ ነበር። ስለ ቅንነቴ አመስግነውኛል። ግምገማው የሚመለከተው የቀረበውን ጽሑፍ እንጂ የተዘጋጀበትን ሁኔታ አይደለም፤ ለጽሑፉም ተጠያቂዋ አቅራቢዋ ናት። ግልባጩ ለሷ እንደተላከ ከታች ተጽፏል።

አሻሽላ ታስገባው እንደሆነ አላውቅም። ስድስቱ ወር አልፏል። እናቴን በየበዓሉ ትደውልላታለች፤ ብዙ ክፍል ሰጥተዋታል፣ የፈተና ወረቀት ሲያርሙ መዋል ነው፣ ጊዜ የለም ብላታለች። ስልኩ ወደኔ አይዞርም፣ እኔም አልቀበልም።

ግልባጩ በደረሳት ቀን ግን ለኔ ጽፋልኝ ነበር። «እንዳትጽፊ ብዬሽ ነበር» ይላል።

«ብለሽኝ ነበር» ብዬ መለስኩ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ጻፍኩት፣ አየሁት፣ ትንሽ መሰለኝና አጥፍቼው ያንኑ ብቻ ላክሁ። ማንበቧን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አልጻፈችልኝም።